በባዶ ሣጥን ላይ የወረደ ሙሾ

በደጋዋ ከተማ በጎረቤላ ሰው ሲሞት ቄስ ይጠራል፣ የእድር ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል። ይህ ሁሉ ግን ወለተሐና እስክትደርስ ድረስ ግማሽ ነገር ነበር። ሰዉ እንባውን እንዳጠራቀመ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥና የእሷን መምጣት ይጠብቃል። እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ ከመንገዱ ማዶ ብቅ ስትል፣ ገና አፏን ሳትከፍት ሴቶቹ መንሰቅሰቅ ይጀምራሉ።

ሙሾ ማውረድ የተማረችው ከአክስቷ ነው። ከአክስቷ የወረሰችው አንድ ደንብ ደግሞ ነበራት። ለቅሶ ቤት እንደገባች ወደ ሟቹ ቤተሰብ ጠጋ ትልና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቃለች። የማን ልጅ ነው፣ ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ተወ፣ የመጨረሻውን ቀን እንዴት ዋለ? ሥራውን ሳታውቅ ስሙን አትጠራም። ስለዚህ የበግ ነጋዴ ሲሞት የሚወደውን የበግ መልክ ሳይቀር በግጥም ታነሣለች። እዚያ ላይ ሲደረስ፣ በሕይወት ሳለ ሰላም የማይለው ጎረቤት እንኳ ደረቱን ይመታል። ኑሮዋ ግን በሙሾ አይደለም። ለእኩል የሰጠቻት ቁራጭ የገብስ ማሳ አለቻት፤ በተረፈው ጊዜዋ የበግ ጸጉር ትፈትላለች።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። በየቤቱ ጣሪያ ላይ ዲሽ በቀለ። በአማርኛ የተተረጎሙት የባሕር ማዶ ተከታታይ ድራማዎች ጎረቤላ ገቡ፤ ገብተውም አልቀሩ፣ ሰዉን ተቆጣጠሩት። ድራማው በሚጀምርበት ሰዓት መንገዱ ጭር ይላል። በጎቹ ሳይጠግቡ ይገባሉ። ባሏን በስሙ ጠርታ የማታውቅ ሴት በአማቷ ፊት "የኔ ፍቅር፣ ውሃ ላምጣልህ?" ብላ፣ አማቲቱ ልጅቷን ጸበል ልትወስዳት ተነሥታ ነበር። ይርጋለም የሚባል ጎረቤቷ ልጅ ስትታጭ ደግሞ ሙሽራው ሽማግሌዎቹ መሐል ቀለበቱን ይዞ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። ይርጋለም ሙሽራው ተደናቅፎ የወደቀ መስሎት በብብቱ ይዞ ብድግ አደረገው። ልጁም ተመልሶ ተንበረከከ። ይርጋለምም እንደገና አነሣው።

በዚህ የሳቀው ሰው ሁሉ የለቅሶው ተራ ሲደርስ አልሳቀም፤ አላስተዋለውም ነበርና። ለቅሶም ከቴሌቪዥን ይቀዳ ጀመር። ደረት መምታት ቀረ። ልጃገረዶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ወንዶቹ ጥቁር መነጽር ያደርጋሉ፤ አንዱ ካሜራ ይዞ ይዞራል። ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ ሲያርፉ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆቻቸው ወለተሐናን በትሕትና ጠጋ ብለው ድምጿን ቀነስ እንድታደርግ ለመኗት፤ ቪዲዮውን ይረብሻል አሏት። ወለተሐና ንፍሮዋን ዘግና ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የጠራት ሰው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። ይህች የአገሩን ሁሉ ሬሳ ያለቀሰች ሴት ለገዛ ልጇ አንዲት ስንኝ አውጥታ አታውቅም።

ልጇ ሠረቀብርሃን ይባላል። በሃያ ዓመቱ፣ ሳሌምን ባገባ በዓመቱ፣ በአፋር በኩል ወርዶ ባሕሩን ሊሻገር ሄደ። ከባሕሩ ዳር አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት። አንድ ቀን ዓወል የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ፣ ያን ሰሞን አንዲት ጀልባ መስጠሟን ሰማሁ ብሎ ነግሯት ነበር። "የእነማን ልጆች ነበሩባት?" አለችው። ዓወል፣ አላህ ነው የሚያውቀው፣ አለ። እሷም ስም ያልያዘ ወሬ መርዶ አይባልም ብላ ወደ ፈትሏ ተመለሰች። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቤት ያንኳኳሉ። ስለዚህ ወለተሐና ሽማግሌዎች በጠዋት አብረው ሲያልፉ ካየች ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ በሯን አትከፍትም።

ሳሌም ወደ ደብረ ብርሃን ወርዳ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገብታለች። ለዓመት በዓል ስኳርና ሳሙና ይዛ ትመጣለች፤ "እማዬ" ትላለች፤ ሁለቱም ስለ ሠረቀብርሃን ሲያወሩ "ሲመጣ" እያሉ ነው። ሲመጣ ይህን ግድግዳ ያድሰዋል። ሲመጣ ይህን በግ እናርድለታለን። በጉ አርጅቶ ሞተ፤ ቃሉ ግን አልተለወጠም።

ከጥምቀት በኋላ ሦስት መኪና ሙሉ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ፤ ፊልም ሊሠሩ። ዳይሬክተሩ ፍሥሐ የሚባል፣ ጺሙን ያሳደገ ጎልማሳ ነው። የቀብር ትዕይንት ይፈልጋሉ። መምሬ ገብረአማኑኤል፣ ለውሸት ቀብር የእውነት ደጀ ሰላም አይከፈትም ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር መለሷቸው። ከከተማው በታች ያለው ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች በቀን አበል ተቀጥረው እንዲያለቅሱ ተነገራቸው።

የለቅሶውን ነገር ማየት ነበር። አንዷ እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ትሄዳለች። ሌላዋ ቀስ ብላ ትንበረከክና ሰማይ ታያለች። የወለተሐና ጎረቤት ደመቀች ደግሞ፣ የማታውን ድራማ አንድ ቀን እንኳ አሳልፋ የማታውቀዋ ደመቀች፣ ዝም ብለሽ ቁሚ ተብላ ሳለ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ስትወድቅም የምታርፍበትን ሣር አስቀድማ መርጣለች። ፍሥሐ ራሱን ያዘ። "እናቶቼ፣ ይኼን ቴሌቪዥን ላይ አይተነዋል" አላቸው። "እናንተ እዚህ እንደምታለቅሱት አልቅሱ።"

ደመቀች ከወደቀችበት ቀና ብላ፣ "ታዲያ እኛ እንዴት ነበር የምናለቅሰው?" አለች። ቀልድ አልነበረም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አንዷ፣ ወለተሐና ትጠራ፣ አለች።

ወለተሐና ተጠርታ ስትመጣ ደስ ብሏት ነበር፤ ምን ይደበቃል። እነዚያ ድምፅሽን ቀንሺ ያሏት የከተማ ልጆች ይዩኝ ብላ ታጥባ ያስቀመጠችውን ቀሚስ ነው የለበሰችው። እንደ ደንቧ ፍሥሐን ጠጋ ብላ ሟቹ ማን እንደሆነ ጠየቀችው።

"ናቲ ነው የሚባለው እማማ። ወጣት ነጋዴ ነው።"

"የማን ልጅ?"

"እሱ… ስክሪፕቱ ላይ የለም።"

"ምን ይወድ ነበር?"

ፍሥሐ ረዳቶቹን አየ፤ ረዳቶቹም ወረቀቱን አገላበጡ። ልጅቷን ይወዳል፣ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ፣ አሏት። ወለተሐና በዚህ ልታለቅስ ሞከረች። ሦስት ጊዜ ካሜራ ተነሣ፤ ሦስት ጊዜ አፏ ደረቀ። አባት የሌለው፣ የሚወደው ምግብ የማይታወቅ፣ የትም ውሎ የማያውቅ ሰው እንዴት ተብሎ ይለቀሳል?

በዚህ መሐል ብርሃኑ አልተመቸም ተባለና አንድ ጎረምሳ መጥቶ የሬሳ ሣጥኑን ብቻውን ብድግ አድርጎ በትከሻው ተሸከመው። አራት ሰው የሚሸከመውን ሣጥን ሰውዬው እንደ ባዶ ቅርጫት ይዞት ሲሄድ ወለተሐና ደነገጠች።

"ውስጡ ማን ነው ያለው?"

"ባዶ ነው እማማ፣ አይጨነቁ" አላት ፍሥሐ። "ተዋናዩ በርዶት መኪና ውስጥ ነው።"

ወለተሐና ሣጥኑን አየችው። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ። የማይታጠብ፣ የማይገነዝ፣ የማይቀበር ሰው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እሷም በደንብ አታስታውሰውም። ማንም ጀምሪ ሳይላት ድምጿ ተነሣ፤ ካሜራውም ፈጥኖ ተከተላት።

"ጋቢህ ተጣጥፎ ከሣጥን ሰንብቷል፤
ሠረቀብርሃኔ፣ አንተን የት ማን አይቷል?"

ሴቶቹ ክው አሉ። ቀጥሎም እጃቸው ከአፋቸው ላይ ወርዶ ወደ ደረታቸው ሄደ። ደመቀች የተቀባይነቷን ቦታ እንደ ድሮው ያዘች። ወለተሐና ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደች አወረደችው፤ ልጅነቱን፣ አረማመዱን፣ የሄደበትን ጠዋት። በመጨረሻም ይህን አለች፦

"ደጋ አሳደግሁህ በጉም በውርጩ፤
በረሃ ላይ ቀረ አጥንትህ ነጩ።"

ስትጨርስ የፊልሙ ሰዎች አጨበጨቡ። ወለተሐና በሕይወቷ ለሙሾ ሲጨበጨብ ሰምታ አታውቅም፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ፍሥሐ ዓይኑን እየጠረገ መጥቶ ልጅ እንዳላት ጠየቃት።

"አለኝ" አለች። "ሰው አገር ነው።"

ወደ ቤት ሲመለሱ ደመቀች መንገድ ላይ ክንዷን ይዛ፣ "አንቺ፣ የሰማሽው ነገር አለ እንዴ?" አለቻት። ወለተሐና፣ ፊልም አይደል እንዴ፣ ብላ አለፈቻት። ደመቀችም ሌሎቹም እሷ ያለችውን ተቀበሉ፤ ወይም የተቀበሉ መሰሉ።

ፋሲካ አልፎ ሁለት ሳምንት እንደሆነ ደመቀች ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። የፊልሙ ሰዎች ማስታወቂያ ብለው ያንን ለቅሶ ለቀውታል። ከሥሩ ፒያኖ ገብቶበታል። ልጇ የጠፋ መሆኑን ከሠፈሩ ማን እንደነገራቸው አይታወቅም፤ ከላዩ ላይ "እውነተኛ እናት፣ እውነተኛ እንባ፤ በስደት ለሞተው ልጇ" ተብሎ ተጽፎበታል። ደመቀች እየተንተባተበች አነበበችላት። ወለተሐና ስልኩን ወደ ፊቷ አቅርባ አየች። የማታውቃት፣ ጉንጯ የጎደጎደ አንዲት አሮጊት ባዶ ሣጥን ትዞራለች። ይቺ ሴትዮስ በእውነት ልጇ ሞቶባታል፣ አለች በልቧ፤ ከዚያ ማን እንደሆነች ትዝ አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲያገኛት ድምፁን ዝቅ ያደርግ ጀመር። በገበያ ቦታ ይለቁላታል። ሁለት ሴቶች ንፍሮ ይዘው መጥተው፣ እሷ ስትስቅባቸው ደንግጠው ተመለሱ። ፊልም ነው ብላ ለሁሉም ተናገረች። ግን ሜዳው ላይ ቆመው በጆሯቸው ሲሰሟት ፊልም ነው ብለው ያመኑት ሰዎች፣ አሁን በስልክ ውስጥ ሲያዩት አላመኗትም። እናት መርዶ ሳትሰማ የልጇን አጥንት አትጠራም፣ ተባለ። ምስኪን፣ ብቻዋን ችላ ይዛው ነው፣ ተባለ። ተጽፎበታል እኮ፣ ተባለ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሳሌም ከሚኒባስ ወረደች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች፤ ጸጉሯን ተላጭታለች። በከተማው መሐል አቋርጣ ስትሄድ ያያት ሰው ሁሉ ቆሞ ቀረ። ቤት ገብታ ወለተሐና እግር ሥር ቁጭ አለች።

"ለምን ደበቁኝ እማዬ? ለካሜራ የነገሩትን ለእኔ መንገር አቃተዎት?"

ወለተሐና የልጅቷን ራስ በመዳፏ ዳበሰች። ምንም መርዶ እንዳልመጣ፣ ነገሩ ፊልም እንደሆነ ነገረቻት።

"በፊልሙ የሞተው ልጅ ስሙ ሠረቀብርሃን ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ አጥንቱን ማን ነገረዎት?"

ወለተሐና ስለ ባዶው ሣጥን ነገረቻት። አንድ ሰው ብቻውን ሲሸከመው እንዳየች፣ ከዚያ አፏ የራሷ እንዳልነበረ። ሳሌም ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ በምሳ ሰዓት ከጓደኛዋ ስልክ ላይ እንዳየችው አወራቻት። የክር ጥቅል ላይ አስቀምጠው ውሃ እንዳጠጧት፣ የሥራ ባልደረቦቿ በተከራየችው ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን እንዳስተዛዘኗት ነገረቻት።

"በአራተኛው ቀን ተኛሁ" አለች። "ዘጠኝ ዓመት በር በተንኳኳ ቁጥር እየባነንኩ ነው የተኛሁት፤ ያን ቀን ግን እስኪረፍድ ተኛሁ። አሁን ፊልም ነው ሲሉኝ፣ እማዬ፣ ያለቀስኩትን ወዴት ልመልሰው?"

ከደጅ ኮቴ ተሰማ። የእድሩ ሰዎች ናቸው። ሳሌም ጥቁር ለብሳ ከመኪና ስትወርድ ካዩ በኋላ የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም፤ የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው መጥተዋል። ሁለቱ የቋሚውን ጉድጓድ መቆፈር ጀምረዋል። መምሬ ገብረአማኑኤል መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት ቆመዋል። ወለተሐና ወጣች፤ ሳሌምም ተከተለቻት።

"ወለተሐና" አሏት መምሬ፣ "አንዲት ነገር ብቻ ንገሪኝ። መርዶ መጥቶልሻል ወይስ አልመጣልሽም? እኔ በስልክ ያየሁትን ይዤ ፍትሐት አላደርስም። ከአንቺ አፍ ልስማ።"

ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው ቀና አሉ። ደመቀች በአጥሩ በኩል መጥታ ቆማለች። ወለተሐና ሁሉም ነገር አንዲት ቃል ላይ እንደቆመ ገባት። መጥቷል ካለች ፍትሐት ይደረጋል፤ ሳሌም ነፃ ትወጣለች፤ ሠረቀብርሃን ግን በእናቱ አፍ ይሞታል፣ ያውም በውሸት። አልመጣም ካለች ልጇ ባለበት ይኖራል፤ ሳሌም ግን ጥቁሯን አውልቃ፣ ጸጉሯ ሳይበቅል፣ ወደዚያች የበር ድምፅ ወደምታዳምጥባት ክፍል ትመለሳለች። ዘወር ብላ አየቻት። የተላጨው ራሷ የሕፃን ራስ ይመስላል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

"አልመጣም አባቴ" አለች።

የሳሌም ትከሻ ወረደ። አንደኛው ቆፋሪ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሊሄድ ተነሣ። ወለተሐና ግን አልጨረሰችም ነበር።

"ድንኳኑን ተዉት። ትከሉት። እርስዎ ፍትሐቱን አያድርሱ፤ የምሰጥዎት ቃል የለኝም። ልጅቷ ግን እርሟን ታውጣ። ዘጠኝ ዓመት ሲመጣ፣ ሲመጣ እያልኩ አስሬ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።"

መምሬ ገብረአማኑኤል ፍትሐት የሌለው ድንኳን አይተው አያውቁም። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "አንቺስ?" አሏት።

"እኔማ አገር ሁሉ እያየኝ አልቅሻለሁ።"

መምሬ ለቅሶ ፈቃጁ እሳቸው እንዳልሆኑ ተናግረው፣ ከአጥሩ ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰዎቹም መቆፈራቸውን ቀጠሉ።

ድንኳኑ ተተከለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ሁሉም ወለተሐና ትነሣለች ብሎ ጠበቀ፤ እሷ ግን ከሐዘንተኞቹ ረድፍ፣ ከሳሌም አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አንዲት ወጣት ስልኳን አውጥታ ያንን ቪዲዮ ልትከፍት ስትል ደመቀች ከእጇ ቀማቻት። ቀምታም ራሷ ተነሣች። ያቺ ሣር መርጣ የወደቀች ሴት ሳሌምን ጠጋ ብላ፣ ምን ይወድ እንደነበር ጠየቀቻት። ሳሌም መጀመሪያ ተንሰቀሰቀች፤ ኋላ ማውራት ጀመረች። ውሻ ይፈራ እንደነበር። ሲላጭ ያፏጭ እንደነበር። በየጾሙ እናቱ በጥብጣ የምትሰጠውን ተልባ አምርሮ ይጠላ እንደነበር፣ ግን እንዳታዝን ብሎ ትንፋሹን ይዞ ይጨልጠው እንደነበር።

ወለተሐና ይህን አታውቅም ነበር። በየዓመቱ፣ ይወዳል ብላ፣ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ትሰጠው ነበር።

ደመቀች ያወረደችው ሙሾ ቤት የማይመታ፣ እዚህም እዚያም የሚያነክስ ነበር። የተልባውን ነገር ስታነሣ ሁለት ቃል ረስታ ቆመች፣ ደግማ ጀመረች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ወለተሐናም ከመቀመጫዋ፣ ከሌሎቹ ድምፅ ጋር ድምጿን ቀላቅላ ተቀበለች። ደረቷን ስትመታ እጇ ሳሌምን ይነካት ነበር፤ ቦታው ጠባብ ነው።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ። ወለተሐና ሳሌምን እስከ መናኸሪያው ሸኘቻት። ሚኒባሱ አጠገብ ሲደርሱ በጨርቅ የቋጠረችውን ቆሎ ሰጠቻትና፣ ጥሩ ሰው ከጠየቀሽ እሺ በዪ፣ አለቻት። "እኔን አትፍሪ። እሱንም አትጠብቂው።"

ሳሌም ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመችና ገባች። ሰው ሞልቶ ነበርና መኪናው ወዲያው ተነሣ። ወለተሐና ጥቂት እርምጃ አብራው ሄደች፤ የመስኮቱን ጠርዝ እንደያዘች ናት።

"ስልክ ቁጥርሽን ግን አትቀይሪ" አለቻት። "በቃሉ የያዘው ያንቺን ብቻ ነው።"